ያገለገለ የሬዲዮ መፈተሻ መሣሪያ ከመግዛታችን በፊት

በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል ሙሉ ቃሉ በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።



 ርእሱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ከመካከላችን አንዳንዶች የዕቁብ ገንዘባቸውን ይዘው በቤታቸው የሬዲዮ ጥገና ለመጀመር ማሰባቸውን ኮሚቴው ስለሰማ፣ «ገንዘቡ ከእጅ ሳይወጣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይናገር» በማለቱ ነው። ጉዳዩ ለሁላችሁም ቅርብ ላይሆን ይችላል። ይሁን እንጂ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በጥበቃ፣ በመኪና ማቆሚያና በበዓል አስተናባሪነት ዎኪ ቶኪ ይዘን የምንሠራ ጥቂቶች አይደለንም። ያ ሬዲዮ በትክክል መስተካከል አለመስተካከሉ ደግሞ የሚታወቀው ዛሬ በምንነጋገርበት መሣሪያ ነው።

መሣሪያው በሞያተኞች ዘንድ ሰርቪስ ሞኒተር ይባላል። ሲታይ አንድ ትልቅ ሳጥን ነው፤ ሥራው ግን የብዙ መሣሪያዎች ሥራ ነው። ሞገድ ያመነጫል፤ ሞገድ ይቀበላል፤ ፍሪኩዌንሲ ይቆጥራል፤ የማሠራጫውን ጉልበት በዋት ይለካል፤ ድምፅ ሲገባ ሞገዱ ግራና ቀኝ የሚወዛወዝበትን ስፋት፣ ማለትም ዲቪየሽኑን ያሳያል፤ የሚሰማው ድምፅ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ ይመዝናል። አብዛኞቹ ኦሲሎስኮፕ አላቸው፤ አንዳንዶቹም የሞገዱን ስርጭት በስክሪን የሚያሳይ ስፔክትረም አናላይዘር ተጨምሮላቸዋል። አዲሱ በጣም ውድ ስለሆነ ለቤት ጠረጴዛ የሚገዛው ያገለገለው ነው። ያገለገለው እንደ ሞዴሉና እንደ ይዞታው ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ ብዙ ሺህ ይደርሳል።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ በመጀመሪያው ላይ ልናገረውና በኋላ ላብራራው። ሰርቪስ ሞኒተር ሚዛን ነው። እህል ነጋዴ ሚዛን ሲገዛ የሚያየው ቀለሙን አይደለም፤ ኪሎው ኪሎ መሆኑን ነው። የተዛባ ሚዛን ከሌለ ሚዛን ይብሳል፤ ምክንያቱም ሚዛን የሌለው ሰው እንደማያውቅ ያውቃል፤ የተዛባ ሚዛን የያዘው ግን ሌላውን እያሳሳተ ትክክል የሠራ ይመስለዋል። ስለዚህ የምንገዛው የቁልፉን ብዛት ሳይሆን፣ ራሳችን ልናረጋግጠው የምንችለውን ትክክለኛነት ነው።

ይህ ነገር ለምን ከበድ እንደሚል በቁጥር ላሳያችሁ። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽን ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤፍሲሲ የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ150 እስከ 174 እና ከ421 እስከ 470 ሜጋኸርትዝ ባለው ክልል የሚሠሩ የንግድና የሕዝብ አገልግሎት ሬዲዮዎች ቀድሞ ከነበሩበት የ25 ኪሎኸርትዝ መስመር ወደ 12.5 ኪሎኸርትዝ እንዲጠቡ አድርጓል። ከዚያ በፊት ድምፁ እስከ 5 ኪሎኸርትዝ ድረስ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ነበር፤ አሁን 2.5 ነው። ይህ ማለት መንገዱ ጠቧል፤ መኪናው ግን ያው ነው እንደ ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲው ትንሽ ያፈነገጠ፣ ወይም ዲቪየሽኑ የሰፋ ሬዲዮ ወደ ጎረቤቱ መስመር ይገባል። ጎረቤቱ ማን ነው? የእሳት አደጋ ሊሆን ይችላል፤ የተማሪ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። በተዛባ መሣሪያ አሥር ሬዲዮ «ያስተካከለ» ጠጋኝ አሥር ሬዲዮ አበላሽቶ ለባለቤቶቹ መልሷል ማለት ነው። የሞያ ስሙም አብሮ ይሄዳል።

ለዚህም ነው በመጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ብር ነው?» ሳይሆን «በውስጡ ያለው የፍሪኩዌንሲ መነሻ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው። መሣሪያው የሚለካውን ሁሉ የሚያነጻጽረው በውስጡ ካለች አንዲት ክሪስታል ጋር ነው። ክሪስታሏ በሙቀት ትለዋወጣለች፤ በዕድሜም ትንሸራተታለች። ርካሹ ዓይነት ሙቀቱን በወረዳ ያካክሳል። የተሻለው ግን ክሪስታሏን በትንሽ ምድጃ ውስጥ አስቀምጦ ሙቀቷን አንድ ዓይነት ያደርጋል፤ ይህ ኦሲኤክስኦ ይባላል። መሣሪያው ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ቢሳሳት፣ በ460 ሜጋኸርትዝ ላይ ስሕተቱ 460 ኸርትዝ ይሆናል። የሚፈተሸው ሬዲዮ እንዲያፈነግጥ የሚፈቀድለት ከሚሊዮን 2.5 እጅ ከሆነ፣ ይህም በዚያው ፍሪኩዌንሲ 1150 ኸርትዝ ነው። ታዲያ ለካዩ ብቻውን ግማሹን ያህል በላው ማለት አይደለም? መለኪያ ከሚለካው ዕቃ ቢያንስ አምስት እጥፍ የታመነ ቢሆን ይመረጣል።

ደስ የሚለው ነገር ይህን በነፃ ማረጋገጥ ይቻላል። በኮሎራዶ ግዛት ፎርት ኮሊንስ የሚገኘው ደብሊው ደብሊው ቪ የተባለው የመንግሥት ጣቢያ በ2.5፣ በ5፣ በ10፣ በ15 እና በ20 ሜጋኸርትዝ ትክክለኛ ጊዜና ፍሪኩዌንሲ ያሠራጫል። መሣሪያችሁ 10 ሜጋኸርትዝ እንዲያመነጭ አድርጋችሁ፣ አጭር ሞገድ በሚቀበል ሬዲዮ ላይ ከጣቢያው ሞገድ ጋር ብታገናኙት፣ ልዩነታቸው እንደ ቀስ ያለ ትርታ ይሰማል። ትርታው በሰከንድ አንድ ከሆነ ልዩነቱ 1 ኸርትዝ ነው፤ ይኸውም ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ነው። ከዚህም በላይ የፈለገ ሰው ከጂፒኤስ ሳተላይት 10 ሜጋኸርትዝ የሚያወጣ ትንሽ ሳጥን ገዝቶ፣ በመሣሪያው ጀርባ የውጭ መነሻ መግቢያ ካለ ሊያገናኘው ይችላል። ስለዚህ ስትገዙ ጀርባውን አዙሩና ይህ መግቢያ መኖሩን እዩ።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ የተቃጠለ መግቢያ ነው። ያገለገለ ሰርቪስ ሞኒተር ከሚጎዳባቸው መንገዶች ሁሉ የተለመደው ይኸው ነው። መሣሪያው ከአንድ በላይ የሞገድ ቀዳዳ አለው። አንዱ ጠንካራ ነው፤ የማሠራጫ ጉልበት ይቀበላል። ለምሳሌ ሂውለት ፓካርድ 8920 ኤ በዋናው ቀዳዳው ያለ ማቋረጥ 60 ዋት ይችላል። ሌላው፣ የአንቴና መግቢያ የተባለው፣ ከአየር የሚመጣ ደካማ ሞገድ ለመስማት ብቻ የተሠራ ነው። ጠጋኙ ደክሞት፣ ወይም ስልክ እያነጋገረ፣ ገመዱን በተሳሳተው ቀዳዳ ሰክቶ የዎኪ ቶኪውን ቁልፍ ከተጫነ አለቀ። ከውጭ ጭረት እንኳ አይታይም። መብራቱ ይበራል፤ ስክሪኑ ያምራል፤ ውስጡ ግን ደንቁሯል።

ይህን ለማወቅ ከሻጩ ጋር በአካል ስትገናኙ እነዚህን ፈተናዎች አድርጉ፤ ሁሉም ተደምረው ግማሽ ሰዓት አይፈጁም።

1ኛ፤ መሣሪያውን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኝታችሁ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ጠብቁ። ክሪስታሏ የምትሞቀው፣ የተደበቀ ብልሽትም የሚወጣው ሲሞቅ ነው። ሻጩ «እዚህ ሶኬት የለም» ካለ፣ ሶኬት ወዳለበት ሂዱ፤ ካልሆነ ተሰናበቱት።

2ኛ፤ ትንሽ አንቴና በአንቴና መግቢያው ሰክታችሁ ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርትዝ ባሉት ሰባት መስመሮች የመንግሥቱን የአየር ጠባይ ዘገባ ፈልጉ። በብዙ ከተሞች ሌት ተቀን ይሰማል። ጥርት ብሎ ከተሰማ መስሚያው ጤነኛ ነው። በአጠገቡ ያለ ተራ ሬዲዮ እየሰማው መሣሪያው ካልሰማ ግን መግቢያው ተመትቷል።

3ኛ፤ ጉልበቱ የታወቀ ዎኪ ቶኪና ሌላ የዋት መለኪያ ይዛችሁ ሂዱ። ዎኪ ቶኪው በሌላው መለኪያ 5 ዋት ካሳየ፣ በሰርቪስ ሞኒተሩም ወደዚያ የቀረበ ማሳየት አለበት። ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ገመዱ በጠንካራው ቀዳዳ መሆኑን ሁለት ጊዜ እዩ።

4ኛ፤ ከማመንጫው መውጫ ወደ አንቴና መግቢያው አጭር ገመድ አድርጋችሁ፣ የሚመነጨውን ሞገድ በጣም ዝቅ ካለ ደረጃ ጀምራችሁ በአሥር አሥር ዴሲቤል ከፍ አድርጉ። በመቀበያው በኩልም በየደረጃው እኩል እየጨመረ መሄድ አለበት። አንዱ እርከን ላይ ዘልሎ ወይም ደንዝዞ ከቀረ፣ በውስጥ ያለው የሞገድ መቀነሻ፣ አቴኑዌተር የሚባለው፣ አንድ ክፍሉ ተበላሽቷል። ይህ ደግሞ ከሁሉ ውድ ከሆኑት ክፍሎች አንዱ ነው።

5ኛ፤ ገመዱን ነቅላችሁ ማመንጫውን በዝቅተኛው ደረጃ ተዉትና በዚያው ፍሪኩዌንሲ የተቃኘ ዎኪ ቶኪ በአጠገቡ አስቀምጡ። ገመድ ሳይኖር አሁንም ከሰማ፣ ሞገዱ በሳጥኑ ስፌት እየሾለከ ነው። ብዙ ጊዜ ሽፋኑን የከፈተ ሰው ብሎኑን ሁሉ ሳይመልስ ሲቀር የሚደርስ ነው። የሚያፈስ መሣሪያ ደካማውን ሬዲዮ ጎበዝ ያስመስለዋል።

በዚህ በአምስተኛው ላይ ጥቂት ላክል፤ ምክንያቱም የመቀበያ ጥገና ዋናው ቁም ነገር እዚህ ነው። የአንድ ሬዲዮ የመስማት ኀይል የሚለካው ሲናድ በሚባል መንገድ ነው። በ1000 ኸርትዝ ድምፅ የተጫነ ሞገድ ይሰጠዋል፤ ሞገዱ እየተቀነሰ ሄዶ ድምፁ ከጫጫታው 12 ዴሲቤል ብቻ ሲበልጥ ያቆማል፤ ያ ደረጃ ይመዘገባል። ጤነኛ ዎኪ ቶኪ በሩብ ማይክሮቮልት አካባቢ እዚያ ይደርሳል። ሩብ ማይክሮቮልት ማለት የአንድ ቮልት አራት ሚሊዮንኛ ነው! እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር የሚሰጥ ማመንጫ የታመነና የማያፈስ ካልሆነ፣ የምንጽፈው ቁጥር ሁሉ ጨዋታ ይሆናል። በመሆኑም የሲናድ መለኪያ የሌለውን መሣሪያ ለጥገና ሥራ አልመክርም።

ወደ ሞዴሎቹ እንምጣ። በገበያ ላይ በብዛት የሚታዩት የሂውለት ፓካርድ 8920፣ የአይኤፍአር 1200 ሱፐር ኤስና 1500፣ የሞቶሮላ አር 2001 እና አር 2600፣ የእንግሊዙ ማርኮኒ 2955 ናቸው። ሁሉም በጊዜያቸው የተከበሩ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ሁሉም ሽማግሌዎች ናቸው። ሰሪዎቹም እጅ በእጅ ተላልፈዋል። አይኤፍአር በ1998 እ.ኤ.አ. ማርኮኒ ኢንስትሩመንትስን ገዛ፤ እሱን ደግሞ በ2002 ኤሮፍሌክስ ገዛው፤ ኤሮፍሌክስ በ2014 ወደ ኮብሃም፣ ይህ ክፍል በ2018 ወደ ቪያቪ ተዛወረ። የሂውለት ፓካርድ የመለኪያ ክፍልም በ1999 አጂለንት፣ በ2014 ኪሳይት ሆነ። ይህን የምነግራችሁ ታሪክ ለማብዛት አይደለም። ሽማግሌ መሣሪያ ሲበላሽ ወደ ሰሪው ላኩት ብትሉ የሚቀበል አታገኙም፤ መለዋወጫው የሚገኘው ከሌላ ከሞተ መሣሪያ ነው ለማለት ነው። ስለዚህ በብዛት የተሠራና የጥገና መጽሐፉ የሚገኝ ሞዴል ይሻላል። በዚህ በኩል 8920 ጥሩ ስም አለው፤ ክብደቱ ግን ከ15 ኪሎ በላይ ስለሆነ በፖስታ ሲላክ በመልካም ካልታሸገ ተሰብሮ ይደርሳል። የሚቻል ከሆነ በመኪና ሂዶ ማምጣት ነው።

የእርጅና በሽታዎችም አሉ። የስክሪኑ ቱቦ ይደበዝዛል። የኤሌክትሪክ ክፍሉ ካፓሲተሮች ይደርቃሉ ወይም ፈሳሽ ያወጣሉ። ማኅደሩን የሚጠብቀው ባትሪ ያልቃል፤ ባትሪው ሲያልቅ የተመዘገበው ማስተካከያ አብሮ የሚጠፋበትም ሞዴል ስላለ፣ ሳትጠይቁ ባትሪ አትንቀሉ። በአንዳንድ የአውሮፓ መሣሪያዎች የኤሌክትሪክ መግቢያ ማጣሪያው ከእርጅና የተነሣ ተሰንጥቆ ይጨሳል፤ ስለዚህ አሮጌ መሣሪያ አብርቶ ከቤት መውጣት አይገባም። ደግሞም ሽፋኑን መክፈት የምትፈልጉ ወጣቶች ስሙኝ፤ የስክሪን ቱቦ ያለው መሣሪያ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ለጊዜው የሚገድል ቮልቴጅ ይይዛል። ብቻችሁን ሆናችሁ አትክፈቱ።

አሁን ደግሞ የብዙዎችን ልብ የሚያሸፍት ጥያቄ አለ። ይኸውም የዲጂታል ሬዲዮ ጉዳይ ነው። የፖሊስና የእሳት አደጋ ሬዲዮዎች በአብዛኛው ፒ 25 በሚባለው፣ ብዙ ድርጅቶች ደግሞ ዲኤምአር በሚባለው ዘዴ ይሠራሉ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሽማግሌዎች ይህን ለመመርመር አልተሠሩም። ዲኤምአር ዎኪ ቶኪ በ30 ሚሊሰከንድ ተራ እየበራና እየጠፋ ስለሚያሠራጭ፣ የድሮው የዋት መለኪያ እንኳ ጉልበቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። እንደ አይኤፍአር 2975 ወይም ኤሮፍሌክስ 3920 ያሉት ፒ 25 ይመረምራሉ፤ ነገር ግን ችሎታው በውስጡ ተገዝቶ ሲከፈት ነው። ስለዚህ ሻጩ «ዲጂታል ይሠራል» ሲል አትመኑት፤ በስክሪኑ ላይ የተከፈቱትን አማራጮች ዝርዝር ያሳያችሁ። በፎቶግራፍ ሳይሆን በዓይናችሁ እዩት።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ? በበኩሌ ሦስት ዓይነት ሰው አያለሁ።

የመጀመሪያው በዓመት ሁለት ሦስት ሬዲዮ የሚነካካ፣ ወይም የአማተር ፈቃድ አውጥቶ ለራሱ የሚጫወት ሰው ነው። ለዚህ ሰው ሰርቪስ ሞኒተር አያስፈልገውም፤ ይህን ስናገር አትዘኑብኝ። ጥሩ የዋት መለኪያ፣ አንቴናን ተክቶ ጉልበቱን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ደሚ ሎድ፣ እንደ ታይኒ ኤስኤ ያለ የኪስ ስፔክትረም አናላይዘር ይበቃዋል። የቀረውን የዕቁብ ገንዘብ ለልጆቹ ያውለው።

ሁለተኛው የተራ ኤፍኤም ዎኪ ቶኪና የመኪና ሬዲዮ ጥገና እንጀራዬ ይሁን የሚል ነው። ለዚህ ሰው ኦሲኤክስኦ ያለው፣ 2.5 ኪሎኸርትዝ ዲቪየሽን አጥርቶ የሚያነብ፣ ሲናድ የሚለካና አምስቱን ፈተናዎች ያለፈ ሽማግሌ መሣሪያ ጥሩ ጓደኛ ነው። ስፔክትረም አናላይዘር ከተጨመረ እሰየው፤ ባይኖር ግን ለዚያ ብሎ ትክክለኛነቱ ያልታወቀ አይግዛ።

ሦስተኛው ዲጂታል ሬዲዮ ልጠግን የሚል ነው። እሱ ይቆይ እላለሁ። ደንበኛ ሳይኖረው ውድ መሣሪያ ገዝቶ በዕዳ ከሚቀመጥ፣ መጀመሪያ በሁለተኛው መንገድ ደንበኛ ያፍራ፤ ከዚያ ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ይግዛ።

ስለ ገበያው ጥቂት ልበልና ልጨርስ። በየዓመቱ በሜይ ወር በኦሃዮ ግዛት ዚኒያ ከተማ የሚደረገው የሬዲዮ አማተሮች ትልቁ ትርዒት፣ ሃምቬንሽን የሚባለው፣ ብዙ ያገለገለ መሣሪያ በአንድ ሜዳ የሚታይበት ነው። በየአካባቢው ትንንሾችም አሉ። የኢንተርኔት ጨረታውም መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ሦስት ቃላትን ለይታችሁ ዕወቁ። «ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ» ማለት ተመላሽ የለውም ማለት ነው። «ይበራል» ማለት መብራቱ ይበራል ማለት እንጂ ይሠራል ማለት አይደለም። «ለመፈተሽ መንገድ የለኝም» የሚለው ደግሞ፣ መፈተሻ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ሲናገረው ልብ ይሏል! እኔ የምመርጠው ሁለት መቶ ዶላር ጨምሬ የመመለሻ ቀን የተሰጠውን መግዛት ነው። መሣሪያው በደረሰ ዕለትም አምስቱን ፈተናዎች ማድረግ እንጂ፣ በሳጥኑ አስቀምጦ የመመለሻውን ቀን ማሳለፍ አይገባም። በሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የማስተካከያ ወረቀት ቀኑ ከአሥር ዓመት በፊት ከሆነ ጌጥ ነው። በላብራቶሪ እንደገና ማስተካከል ደግሞ ከመሣሪያው ዋጋ ሊስተካከል ስለሚችል አስቀድማችሁ ዋጋውን ጠይቁ።

ለአገር ቤት ዘመድ መላክ የምታስቡም አላችሁ። መሣሪያው 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ የሚቀበል መሆኑን ጀርባው ላይ አንብቡ፤ መቀየሪያው በቦታው ካልሆነ በመጀመሪያው ሰኮንድ ይቃጠላል። የሬዲዮ ዕቃ ማስገባትን በተመለከተም በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አዋጅ የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ኮሚዩኒኬሽን ባለሥልጣን ሳይጠይቁ መላክ አይገባም። ጉምሩክ ላይ የቆመ ዕቃ ለማንም አይጠቅምም።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለማኅበሩ አቀርባለሁ። ማንም ሰው ብቻውን ሄዶ አይግዛ። የዋት መለኪያ፣ የታወቀ ዎኪ ቶኪ፣ አጭር ገመድና ደሚ ሎድ ያላችሁ አባላት ስማችሁን ለጸሐፊያችን ስጡ፤ ገዢ ሲኖር ዕቃውን ያውሱ፣ ከተቻለም አብረው ይሂዱ። በቀብርና በሠርግ የምንረዳዳ ሰዎች፣ የሰው ላብ ወደ ማይረባ ሳጥን እንዳይፈስ መረዳዳት አያቅተንም።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።